አብሽር፣ ይሠራል

የመርሳ ልጅ ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሣው ፍራፍሬውን ነው። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ፤ የደሴ አውቶብስ ገና ሳይቆም በየመስኮቱ ሥር የሚሯሯጡት ሻጮች፤ ከላይ የሚወረወረው ብር፣ ከታች የሚዘረጋው ፌስታል። እኔም ያን ሁሉ እወደዋለሁ። ግን የቤታችሁ ሽታ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ከማንጎው ቀድሞ የሚመጣብኝ የሊድ ጭስ ነው። የጋለ መበየጃ ሊዱን ሲነካው ብን ብላ የምትወጣው ያቺ ነጭ ጭስ። ሽታዋ ከዕጣን ብዙ አይርቅም፤ ሊዱ ውስጥ ያለው የጥድ ሙጫ ነው የሚጨሰው። እናቴ ቡና አፍልታ ዕጣኑን ስትለቅበት፣ ከጓዳ በኩል ደግሞ ያቺ ጭስ ስትመጣ፣ ሁለቱ ሳሎን መሀል ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ተከፍቶ እየተጠገነ ነው ማለት ነው።

ስለ ፕሌይስቴሽን ላወራችሁ ነው። የእኛው ፕሌይስቴሽን አንድ ቀን እንኳ ሳንጫወትበት ስለተቃጠለ፣ ትዝታዬ የሚጀምረው ከጨዋታው ሳይሆን ከጥገናው ነው።

ሐብሩ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። እኛም አክስቴ ነበረችን፣ ጂዳ። ዓመታት ቆይታ የመጣች ጊዜ ሻንጣዋ ሲከፈት ሽቶው፣ ሳሙናው፣ ቴምሩ፣ አዲሱ ብርድ ልብስ ሁሉም አንድ ላይ ሸተተን። ከብርድ ልብሱ መሀል፣ በሻርፕ የተጠቀለለ ግራጫ ሳጥን ወጣ። አሠሪዎቿ ለልጆቻቸው አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ለእሷ ሰጥተዋት ነው። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ በእቅፏ ይዛ መጣች። «ሕፃኖቹ እዚያ ቀኑን ሙሉ ሲስቁበት እያየሁ እናንተን አስባችሁ ነበር» አለችን። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ትዝ ይለኛል።

ትልቁ የአክስቴ ልጅ ሶኬት ላይ ሰካው። ጧ! የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጭስ፣ ቀጥሎ ዝምታ። ማንም አልተናገረም። የአክስቴ ፊት ሲጠወልግ አየሁ። እናቴ ያን ጊዜ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «ተይው እቴ፣ ዕቃ ነው። አንቺ በሰላም ገብተሽልኝ የለ!» አለችና ስኒ አቀረበች። ቡናውን ቀድታ ለአክስቴ ጀባ ካለቻት በኋላ፣ ለእኔ ደግሞ «ነገ ወንድም ጋሼ ዘንድ ይዘኸው ትሄዳለህ» አለችኝ።

ወንድም ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ወልድያ፣ ጎንደር በር ሰፈር። በማግስቱ ሳጥኑን ያቺው ሻርፕ ውስጥ መልሰን ጠቀለልነውና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ያን ቀን የሩቅ አገር መንገድ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ፣ የወልድያ ገበያ። ሚኒባሱ በዶሮ፣ በማር ቅል፣ በጤፍ ከረጢት ተጨናንቋል። ሲሪንቃ ላይ የተሳፈሩ አንድ አዛውንት ጉልበቴ ላይ ያለውን አዩና «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ተቃጥሎ ነው አባባ፣ ላሠራው ነው» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አጥፈው፣ ከሳጥኑ ሥር አስገቡልኝ፤ እንዳይንገጫገጭ። ምን እንደሆነ አያውቁትም። ልጅ አቅፎ የያዘው ነገር መሆኑ በቃቸው።

የወንድም ጋሼ ቤት ሱቅ አልነበረም። በር ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ቀን ቀን መምህር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ኮቱን አውልቆ፣ አልጋው አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከአልጋው ሥር የሬድዮ፣ የቴፕና የቴሌቪዥን ሬሳ ተደርድሯል። ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴዎቹ በቁመታቸው፣ ፒንሳው፣ ቴስተሩ፣ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል፣ ጥጥ፣ ናስትሮ፣ ደግሞ ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ስኒ አለ። ስኒው የብሎን ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚስቱ እትዬም ቡና ስትቀዳ እጇ ወደዚያ ስኒ አይሄድም።

ሳጥኑን ተቀበለኝና መጀመሪያ ገለበጠው። ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ በመነጽሩ አነበበ። 120 ቮልት ይላል። «አየህ፣ ይሄ የተሠራው ለአሜሪካ መብራት ነው። ሳዑዲ ቤቶች ያለው 127 ነው፣ እዚያ ይችላል። የኛ 220 ነው» አለኝ። ሳዑዲ የቤት መስመሯን ወደ 230 ለመቀየር የተነሣችው ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይታ ነው። በዚያ ዘመን ከጂዳና ከሪያድ በፍቅር ታቅፎ መጥቶ እዚህ ሶኬት ላይ የሞተ ስንት መቀላቀያ፣ ስንት ቴፕ፣ ስንት ፀጉር ማድረቂያ እንደነበር የወሎ እናቶች ይቁጠሩት።

ከዚያ ከፈተው። ክዳኑን ያነሣው የተኛ ሕፃን ልብስ እንደሚያወልቅ ሰው ቀስ ብሎ ነው። እያንዳንዱን ብሎን ሲፈታ ስኒው ውስጥ ጠብ ትላለች፣ ቂው እያለች። «ና፣ ቅረብ» አለኝ። የጂዳ አቧራ ነው መሰለኝ፣ ቀጭን ቢጫ አቧራ ነበረው። በግራ በኩል ኃይል የሚቀበለው ሰሌዳ ላይ ሲሊንደር የምትመስል ዕቃ አለች፤ አናቷ ላይ በመስቀል ቅርፅ የተሰነጠቀች፣ ያበጠች፣ ከሥሯ ቡናማ ፈሳሽ ያንጠባጠበች። ካፓሲተር ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበልኝ፤ 200 ቮልት። ከዚያ እርሳስ አንሥቶ በደብተር ወረቀት ላይ ሒሳቡን ሠራልኝ። 127 ቮልት ውስጥ ገብቶ ወደ ቀጥታ ኃይል ሲለወጥ 180 አካባቢ ይደርሳል፤ 200ውን አያልፍም። የእኛ 220 ግን ሲለወጥ ከ300 በላይ ይሆናል። «ስለዚህ ማን አጠፋ?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ማንም። ከአቅሙ በላይ አሸከሙት፣ ፈነዳ። ፊውዙም ራሱን ሠውቶ ሌላውን አድኖታል። አብሽር፣ ይሠራል።»

ይህች «አብሽር፣ ይሠራል» የእሱ ቃል ናት። ወሎ ውስጥ አብሽር የማይል ሰው የለም፤ የእሱ ግን ትለያለች። ያየውን ካየ በኋላ፣ መርምሮ ነው የሚላት። ሳያይ አይልም።

ከአልጋው ሥር ከወጣ ከአንድ የሞተ ቴሌቪዥን 400 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ነቀለ። ያን ጊዜ ነው መበየጃው የጋለው፣ ያቺ ጭስም ወደ ፊቴ የመጣችው። ሊዱ ቀልጦ ሲያብረቀርቅ፣ ከዚያ ዳመን ብሎ ሲጠነክር እያየሁ ነው ያደግሁት ብላችሁ ማጋነን አይሆንም። ፊውዙንም ለወጠ። ከዚያ ከጓዳ ከባድ ትራንስፎርመር ጎትቶ አወጣ፤ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ። አዲስ ካፓሲተር መግባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ያለዚያ ትራንስፎርመር ያው መልሶ ይቃጠላል።

መብራት አልነበረም። መብራት እስኪመጣ ጠበቅን። እትዬ ሽሮ በእንጀራ አቀረበችልን፣ ከዚያም ቡና። ሲመሽ ከየቤቱ «መጣ!» የሚለው የልጆች ጩኸት ተሰማ። ወንድም ጋሼ ግን ወዲያው አልሰካም፤ መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ይንጣል፣ ወጣ ወረድ ይላልና ትንሽ ማቆየት ልማዱ ነው። ከዚያ ሰካው። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ያ ከሥር የሚሳብ ወፍራም ድምፅ ተነሣ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። ቀጥሎ ያቺ ጠራ ያለች ሌላ ድምፅ። እትዬ እልል አለች። እውነቴን ነው፣ እልል አለች።

መርሳ ስገባ ግን ሌላ ነገር ገጠመን፤ ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ወንድም ጋሼ ቤትም እንዲያው ነበር፣ እኛ ግን የእሱ ቴሌቪዥን ስላረጀ መስሎን ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ማሽኑ የአሜሪካን የቀለም ሥርዓት ነው የሚልከው፣ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን። የኛ ቴሌቪዥን የሚያውቀው ደግሞ ፓል ነው። ስዕሉን ይቀበላል፣ ቀለሙን አይገባውም። ምን ቸገረን! ለብዙ ጊዜ ኳስ የተጫወትነው በጥቁርና ነጭ ነው። ብራዚል ነጣ ትላለች፣ ጣሊያን ጠቆር። ሁለት ነጣ የሚሉ ቡድኖች ሊገጠሙ አይችሉም፤ ይህ የሰፈራችን ሕግ ነበር። ማሽኑ ውስጥ ሌላ ሰው አስቀድሞ የበየደው ትንሽ ቺፕ ስለነበር የተቀዳ ሲዲ ሁሉ ይቀበላል፤ እኛ እጅ የገባው የኳስ ጨዋታ፣ ዊኒንግ ኢለቨን፣ የጃፓንኛው ነበር። የጃፓኑ ኮሜንታተር ጎል ሲቆጠር የሚጮኸውን ጩኸት የመርሳ ልጆች በቃላችን ነበር የምንለው፣ ትርጉሙን ማንም ሳያውቀው፣ ከብት ስናግድ ሳይቀር።

ከዚያ አንድ ቀን ጎረቤታችን ሁሉንም ሥርዓት የሚቀበል ቴሌቪዥን ከዱባይ መጣለትና ሳጥናችንን ይዘን ገባን። ያ ሣር አረንጓዴ ሆነ። ብራዚል ቢጫ ሆነች። አብረን ያደግነው አንድ ልጅ፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ ወደ ስክሪኑ ቀርቦ ሣሩን በእጁ ነካው። ማንም አልሳቀበትም፤ ሁላችንም መንካት ፈልገን ነበር።

ቤታችን የሰፈሩ ሆነ። ገንዘብ አልነበረም፤ ማንጎ ይዞ የመጣ ማንጎ፣ ቆሎ ይዞ የመጣ ቆሎ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ድምፁ ይቀነሳል፣ የሚሰግደው ይወጣል፣ ጆይስቲኩ ተራውን ይጠብቀዋል። በፆም ቀን የቤቱ ቆሎ በቅቤ አይነካም፤ በረመዳን ደግሞ እናቴ እስላሞቹ ልጆች ፊት ቡና አትቀዳም ነበር። ይህን ማንም አላስተማረንም፣ ማንም አልጻፈውም። ዛሬ ሳስበው ከጨዋታው በላይ ትዝ የምትለኝ ያቺ ድምፁን የምትቀንሰው እጅ ናት።

ከጊዜ በኋላ ማሽኑ ማንበብ እምቢ አለ። ሲዲው ይዞራል፣ ቲክ ቲክ ይላል፣ ጥቁር ይቀራል። አንድ የወልድያ ልጅ «ገልብጡት» አለን። ገለበጥነው፣ ሆዱን ወደ ላይ። ሠራ! ለወራት ያ ሳጥን በጀርባው ተኝቶ ነው ያጫወተን። ምክንያቱን የነገረኝ ወንድም ጋሼ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ሌንሱ የሚንሸራተተው በፕላስቲክ ሐዲድ ላይ ነው፤ የተቀመጠው ደግሞ ከሚሞቀው የኃይል ሰሌዳ አጠገብ። ሙቀትና መፋተግ ፕላስቲኩን ይበላዋል፣ ሌንሱ ያዘነብላል፣ ሲዲውን በትክክል ማየት ያቅተዋል። ሲገለበጥ ክብደቱ በሌላ በኩል ይሆንና ለጊዜው ይቃናል። ሶኒ ራሱ በኋላ ባወጣቸው ላይ ሌንሱን ከሙቀቱ አርቆታል። ይህን ሲነግረኝ በጣም ደነቀኝ፤ ቶኪዮ ያሉ መሐንዲሶችና መርሳ ውስጥ ያለን ልጆች ስለ አንድ ሐዲድ እኩል ተጨንቀናል።

ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ወልድያ ነበርኩ። የፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ገባ። ጌም ቤቶች በዙ፤ ቆርቆሮ በር፣ ከውስጥ ጨለማ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የላብና የማስቲካ ሽታ፣ አንድ ጨዋታ አንድ ብር። ባለቤቶቹ የተበላሸ ጆይስቲክ በፌስታል ሞልተው ማታ ወንድም ጋሼ ቤት ያመጣሉ። ያን ጊዜ ነው ካቻቢቴውን ለእኔ የሰጠኝ።

ስለ ጆይስቲኩ ትንሽ ልንገራችሁ፤ የእኔ ሥራ እሱ ነበርና። የፕሌይስቴሽን 2ቱ ሲከፈት ውስጡ ከቁልፎቹ ሥር አንድ ስስ ላስቲክ ወረቀት አለ፤ ጥቁር መስመሮች የታተሙበት። የዚያ ወረቀት ጫፍ ከአረንጓዴው ሰሌዳ ጋር አልተበየደም፤ ትንሽ ስፖንጅ ከኋላው እየገፋችው ነው ተጣብቆ የሚኖረው። ቀኑን ሙሉ የተናደደ ልጅ ሲጫነው ስፖንጇ ትሞታለች፣ ትሳሳለች፣ ወረቀቱ ይላላል። ያን ጊዜ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ጥግ ይሮጣል፣ ወይም የመምቻው ቁልፍ ይደነቁራል። መድኃኒቱ ናስትሮ ነው። ከናስትሮው ትንሽ ቆርጬ፣ ደጋግሜ አጥፌ፣ በስፖንጇ ላይ አስቀምጬ መልሼ መዝጋት። አለቀ። በዱላዎቹ ሥር ደግሞ ነጭ ዱቄት ይገኛል፤ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ። እሱን በጥጥ መጥረግ። ብራዚላዊውን አጥቂ አድሪያኖን የሚወዱ ልጆች ጆይስቲክ ዱቄቱ ይበዛል፤ ዱላውን ጨክነው ነው የሚይዙት።

ሥራ ስንጨርስ ባለ ጌም ቤቱ «ስንት ልክፈል ጋሼ?» ይላል። ወንድም ጋሼ «ለልጁ ስጠው» ይለዋል። ባለ ጌም ቤቱም ብሩን በእጄ ሳይሆን በኪሴ ይከትልኛል፤ እንዳላፍር።

አንድ የክረምት ቀን አንዲት እናት መጡ። ከሐብሩ ገጠር፣ ከግራና በኩል። ነጠላቸው ውስጥ ወፍራሙን ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2 አዝለው። ልጃቸው ገዝቶት፣ ተጫውቶበት፣ ከዚያ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሄዷል። ማሽኑ አያነብም። «እኔ አልጫወትበትም» አሉኝ፣ «ሲደውል ይሠራል ብዬ እንድነግረው ነው።» ወንድም ጋሼ ወደ እኔ ገፋው። ከፈትኩት፤ ሌንሱ ላይ ቀጭን የአቧራና የጢስ ንጣፍ ነበር። ጥጥ በአልኮል ነክሬ፣ ሳልጫን፣ ከመሀል ወደ ዳር ጠረግሁት። ሜሞሪ ካርዱን ሰክቼ አበራሁት።

የፕሌይስቴሽን 2 አከፋፈት ትዝ ይላችሁ እንደሆን፣ ከጨለማው ውስጥ ከሥር የበቀሉ ግንቦች መሀል ነው የሚያሳልፋችሁ። እነዚያ ግንቦች ዝም ብለው የተሳሉ አይደሉም። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ካለው የጨዋታ ታሪክ ነው የሚበቅሉት፤ ብዙ ጨዋታ የተጫወተ ሰው ብዙ ግንብ አለው፣ ደጋግሞ የተጫወተው ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል። ይህን አውቅ ነበርና «እትዬ፣ እነዚህን ያዩዋቸዋል? ልጅዎ የሠራቸው ናቸው። ሲጫወት የሠራቸው» አልኳቸው። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ይህን ሁሉ?» አሉ። «ይህን ሁሉ።» ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ተነሥተው ወንድም ጋሼንም እኔንም መረቁን። ሲሄዱ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርቱካን ትተዋል። ልጃቸው ኋላ መመለስ አለመመለሱን አልሰማሁም። ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች የሄዱት በዚያው በየመን መንገድ ነው።

ሌላውን ልለፈው። ሌንስ ሲሞት ማሽኑም ሞተ ማለት የቀረበት ጊዜ መጣ፤ ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚጫን ፍሪ ማክቡት የሚባል ነገር ተገኘና ጨዋታው ከፍላሽ መነሣት ጀመረ፣ ቪዲዮው እየተንገጫገጨም ቢሆን። ፕሌይስቴሽን 3 መጣ፣ ሲበላሽ የሚበራው ቢጫ መብራቱ ብዙ ሰው አስለቀሰ። ወልድያ በ2009 ጥር ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘውን ስታዲየም አገኘች፤ በጥቁርና ነጭ ኳስ ስንመታ ከነበርነው መሀል ብዙዎቻችን ያን ሣር በዓይናችን ለማየት ሄደናል።

ከዚያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ ነው የቆየችው። ወንድም ጋሼና እትዬ በእግራቸው ወጡ። ሲመለሱ ቤቱ ተከፍቷል፤ ከአልጋው ሥር የነበሩት ሬድዮዎችና ሰሌዳዎች ግቢው ውስጥ ተበትነዋል፣ ካቻቢቴዎቹ የሉም። እኔ ለመጠየቅ ስሄድ ጠረጴዛውን ጠርጎ ተቀምጧል። ያቺ ጠርዟ የተሸረፈች ስኒ አልተነካችም፤ ማን ይፈልጋታል? አንድ ካቻቢቴ ተበድሮ፣ የጎረቤት ልጅ የስልክ ቻርጀር እየጠገነ ነበር። ምን እንደምለው ጠፋኝ። እሱ ግን ቀና ብሎ «ቁጭ በል፣ ይሠራል» አለኝ። ስለ ቻርጀሩ ነው የነገረኝ።

አሁን ነገሩ ሌላ ነው። ልጆች በስልካቸው ነው የሚጫወቱት፤ ዊኒንግ ኢለቨን ሲባል አያውቁትም። ወልድያ ፒያሳ አካባቢ ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶች አሉ፤ በማይክሮስኮፕ እያዩ ከሰሊጥ የምታንስ ዕቃ ነቅለው ይበይዳሉ። ወንድም ጋሼ ሳይቀር እጃቸውን ያደንቃል። ዕውቀቱ አልጠፋም፣ እንዲያውም ጨምሯል። የሚናፍቀኝ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሳጥኑ የሚከፈተው በሁላችን ፊት ነበር። ስድስት ሰባት ልጅ ጭንቅላቱን አገጣጥሞ፣ እትዬ ከጀርባ ቡና ይዛ፣ የተሰነጠቀውን ካፓሲተር እኩል እናየው ነበር። ዛሬ ልጁ ዕቃውን በመስኮት ይሰጣል፣ ማታ መጥቶ ተዘግቶ ይቀበላል። ውስጡን አላየውም፤ ምን እንደሆነም አልነገሩትም።

ሶኒ በገዛ አገሩ በጃፓን የፕሌይስቴሽን 2 ጥገናን በፈረንጆቹ 2018 ዘግቷል። ከ155 ሚሊዮን በላይ የሸጠው ማሽን ነው፤ በታሪክ እንደ እሱ የተሸጠ ጥቂት ነው። ፋብሪካው እጁን ካነሣ በኋላ ግን ባለፈው ዓመት እንኳ መርሳ ውስጥ አንዱን ከፍቼ ናስትሮ አስገብቼበታለሁ፤ ሠርቷል።

ስለዚህ አደራ። ቁም ሣጥናችሁ አናት ላይ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ካለ ለቆራሌው አትስጡት። ከሰፈራችሁ አንድ የሚጠይቅ ልጅ ፈልጉ፣ አንድ ካቻቢቴና የብሎን ማስቀመጫ ስኒ ስጡት፣ አጠገቡም ተቀመጡ። ከመክፈቱ በፊት ግን ከሶኬት ይነቀል፣ ከተነቀለም በኋላ ትንሽ ይቆይ፤ ያ ትልቁ ካፓሲተር ኃይሉን ወዲያው አይለቅም።